ሹራብ ለቆላ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ሲግናል የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ፤ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ በእርዳታ ጢም አድርጎ ብቻውን የሞላ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ብቻዬን ስል ታዲያ ከሰባት መቶ ተማሪዎች፣ ከወላጆቻቸው፣ ከሠላሳ መምህራን፣ ከሁለት ጥበቃዎችና ከአንዲት ቁጡ ዳይሬክተር ጋር ማለቴ ነው። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ደግሞ፣ የሰበሰብኩትን ሳምንቱ ሳያልቅ በገዛ እጄ መልሼ በትኜዋለሁ። ይሁን እንጂ መኪናው ሞልቶ ሄዷል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ኅዳር ሲገባ እዚያ የሚነፍሰውን ነፋስ ላልቀመሰው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጠመኔው በእጄ ውስጥ ስለሚንቀጠቀጥ በኅዳር ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም፤ እኔ የምስለው ዓባይ ከእውነተኛው ዓባይ ሦስት እጥፍ ይጠማዘዛል። በዚያ ወር እኔ ዘንድ የተማሩ ልጆች ካርታ ባዩ ቁጥር ‹ይሄ ወንዝ ምነው ቀጥ አለ?› እያሉ የሚገረሙ ይመስለኛል።

ከዓመት በፊት አንድ ወጣት የኬሚስትሪ መምህር ተመድቦልን መጣ። ከደቡብ፣ ከወንዝ ዳር አገር ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የመምህራን ክፍል መሳቂያ አደረግሁት፤ ምክንያቱም ብርድ ሲባል አንድ ነገር አይችልም። ካፖርት በጃኬት ላይ፣ ጃኬት በሹራብ ላይ ደርቦ ነው የሚመጣው። ሻይ የሚያዘው ለመጠጣት ሳይሆን ብርጭቆውን ለማቀፍ ነው። ‹ይሄ ልጅ ካፖርቱን የሚያወልቀው ለደመወዝ ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱንም አንዱን እጅጌ ብቻ› እያልኩ አስወርቼበታለሁ። እሱ ግን አይቆጣም። ‹ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ› ብሎ ብርጭቆውን አጥብቆ ይይዛል።

ኅዳር መባቻ ላይ በእነሱ አገር ወንዙ ሞላና ከዳር ወጣ። ሬዲዮው መንደሮች ተዋጡ፣ ሰዉ ወደ ከፍታ ቦታ ሸሸ፣ መንገድ ተቆረጠ አለ። እናቱ እዚያ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከፍየሎቻቸው ጋር፣ ከወንዙ ብዙም ባልራቀ ቤት ውስጥ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያገኛቸው ‹ውሃው ፍየሎቹ ጋ ደረሰ፤ ቆይ እደውልልሃለሁ› ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም።

በየእረፍቱ መምህራን ክፍል ይገባና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በድምፅ ማጉያ ይደውላል። ሁላችንም ሻያችንን ይዘን እናዳምጣለን። በየእረፍቱ ያቺ ቅልስልስ ድምፅ ያላት ሴት የደወልንላቸውን ሰው ማግኘት እንደማይቻል ትነግረናለች። ሴትዮዋን ጠላናት። ዝምተኛው የሒሳብ መምህር ሳይቀር አንድ ቀን ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ‹እስቲ አንቺ ራስሽ ሄደሽ ፈልጊያቸው!› ብሎ ጮኸባት።

ልጁ ለመሄድ ቢፈልግም አውቶቡስ ቆሟል። መፍትሔው የመጣው ሁለት ልጆቹ እኛ ዘንድ ከሚማሩለት አንድ አባት ነው። ሰውየው የጭነት መኪና አለው፤ በየሰኞው ባዶውን ወደ ደቡብ ይወርድና ሙዝ ጭኖ ይመለሳል። ዳይሬክተሯ አስጠሩትና በቢሯቸው ተሰበሰብን።

‹መውረዱን እወርዳለሁ› አለ ሰውየው፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። ‹መንደሩ ግን ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ለሁለት ካርቶን ብስኩት ብዬ መኪናዬን ጭቃ ውስጥ አልቀብርም። ሙሉልኝ፤ እስከ ደጃቸው ላድርስላችሁ። ካልሞላ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ወደ ሙዜ ነኝ።›

‹ሰውስ ይወስዳሉ?› አለ ወጣቱ መምህር።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች፣ ካፖርቱን ሁሉ ቆጥሮ አየው። ‹ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ጭነት ካለ አንተም አለህ የኔ ወንድም። የሚመጣው ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እነሣለሁ።›

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞሩ። ሴትዮዋ ሲያዩኝ ሁልጊዜ የተሰበረ ወንበር እንደሚያይ ሰው ነው፤ ይጠገን ይሆን ወይስ ይጣል በሚል።

‹አንተ አፍ አለህ። ነገ ሰልፍ ላይ ተናገር› አሉኝ። ‹ግን አደራህን፣ አታጋን።›

‹እኔ መቼ አጋንኜ አውቃለሁ?› አልኳቸው። በጣታቸው በሩን አሳዩኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ማይኩን ያዝኩ። ነፋሱ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ይወርዳል። ሰባት መቶ ልጅ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይጠብቀኛል።

‹ልጆች! ዛሬ ጠዋት በረዳችሁ?›

‹አዎ ቲቸር!›

‹ብርድ ልብስ ውስጥ ያደራችሁት እናንተ ከበረዳችሁ፣ ቤቱን ውሃ የወሰደበት ልጅ ምን ይሁን? ልብሱ እርጥብ! እግሩ እርጥብ! ጥርሱ እንዲህ እያለ!›

ከዚያም ማይኩን አፌ ውስጥ ልከተው ምንም ሳይቀረኝ ጥርሴን አንቀጫቀጭኩ። ድምፅ ማጉያው አዲስ ነበርና ድምፁ ቁልቁል እስከ ታክሲ ማዞሪያው ደረሰ፤ አንድ ሹፌር ሞተሩ የተበተነ መስሎት ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ ይባላል። ይባላል ስል፣ የምለው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ትንንሾቹ ሳቁ፤ ከዚያ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉም ማልቀስ ጀመሩ። ዳይሬክተሯ ማይኩን ሲነጥቁኝ ሥራዬን ጨርሻለሁ።

በበነጋው ጠዋት በሩ ጠበበ።

የኛ ሰፈር ሰው ስጥ ሲሉት መስጠት ያውቃል። ሹራብ መጣ፤ ሹራብ ስል የእንጦጦን ተራራ አልብሶ ለየካ ሚካኤል የሚተርፍ ሹራብ። ወፍራም ካልሲ፣ የአንገት ልብስ፣ ጓንት፣ ከሁለት ሰው በታች የማይነሣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የመንዝ ባና። ከሲግናል በኩል ያሉት የቢሮ ሠራተኛ ወላጆች ውስጣቸው ላባ የሆነ፣ ሲጫኑት እፍ የሚል ጃኬት ላኩ። አራተኛ ክፍሎች በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የክር ኮፍያ ሠሩ፤ ግማሹ ለጭንቅላት፣ ግማሹ ለጉልበት የሚሆን ነው። ልጆቻቸው እኛ ዘንድ የሚማሩላቸው አንድ ቄስ ከላይ ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው፣ ለብሰውት የመጡትን በርኖስ እዚያው በሩ ላይ አውልቀው አስረከቡና በነጠላ ብቻ ሽቅብ ተመለሱ። አንዲት እናት ደግሞ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አመጡ።

‹እትዬ፣ ውሃ የወሰደው መንደር ውስጥ ይሄ የት ይሰካል?› አልኳቸው።

‹የመሰኪያውን ነገር መንግሥት ያስብበት› አሉኝ። ‹እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ።›

ሁሉም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። የሚቀበለውና የሚያጥፈው ወጣቱ መምህር ነበር። ሰው ሁሉ የእናቱን ነገር ሰምቷልና ልብሱን ሲሰጠው አብሮ ይመርቀዋል። ‹እናትህን በደህና ያገናኝህ፤ ይቺን እሳቸው ይልበሷት፤ ለወገባቸው ጥሩ ናት።› እሱም ጎንበስ ብሎ ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ይላል። በሁለት ቀን ውስጥ ሺህ ጊዜ ሳይል አልቀረም። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁና፣ ይሄ ልጅ በጭንቀት ሊታመም ነው ብዬ አዘንኩለት። ሐሙስ ማታ ባለመኪናው መጥቶ ክምሩን አየና አፏጨ። ‹ይሄ እንኳን የኔን የወንድሜንም መኪና ይሞላል። ሰኞ አንድ ሰዓት!› ልጁ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ያን ዕለት ኩራቴ ወደ ቤት በሚወስደው ታክሲ ውስጥ አልገባ ብሎኝ በእግሬ ሄድኩ።

አርብ ጠዋት ሰባተኛ ክፍሎች ፈተና ነበራቸው። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ አለች፤ ጥያቄ መጠየቅ ትወዳለች፣ መምህራን በየተራ እንፈራታለን። ወረቀቱን ከሁሉም ቀድማ ጨረሰችና እጇን አወጣች።

‹ቲቸር፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግራ ገባኝ።›

‹ምን ይላል?›

‹«ከሚከተሉት አካባቢዎች የቆላ የአየር ንብረት ያለው የቱ ነው?» ይላል። መልሱ «ሐ» ነው አይደል?›

‹ፈተና ላይ መልስ አይነገርም።›

‹እሺ፣ «ሐ» ነው እንበል› አለች። ‹«ሐ» የኬሚስትሪ ቲቸር አገር ነው። እርስዎ ባለፈው ሳምንት ካርታው ላይ ቀይ የተቀባው ሁሉ ቆላ ነው፣ ሰዉ ከሙቀቱ የተነሣ ደጅ ይተኛል ብለውናል።›

‹ብያለሁ።›

‹ታዲያ ሹራቡን ምን ያደርጉታል?›

ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እዚያ ላይ በገዛ እጄ የሣልኩት፣ ሦስት ሜትር የሚያህል የአየር ንብረት ካርታ አለ። ቀዩ ቀለም ከትምህርት ቤቱ በር የተረፈ ስለነበር ሳልሰስት ነው የቀባሁት። የልጁ አገር በርበሬ መስሎ፣ ከወዲያ ጥግ አፈጠጠብኝ። ለሃያ ሁለት ዓመት ያንን ካርታ በእንጨት እየጠቆምኩ ‹ሞቃት! ሞቃት!› ብያለሁ። ዓመት ሙሉ ደግሞ ብርድ አትችልም ብዬ በልጁ ስስቅ ኖሬ፣ ለምን እንደማይችል አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እንጦጦ ሥር ተወልዶ ላደገ ሰው ችግር ማለት ብርድ ነው፤ ሌላ ዓይነት ችግር መኖሩ ትዝ አላለኝም። ሰባት መቶ ቤትም ትዝ አላለውም።

‹ጥሩ ጥያቄ ነው› አልኳት። ‹ለሁላችሁም የቤት ሥራ ይሁን።› ወጥቼ ሮጥኩ።

ልጁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በሁለት የባና ክምር መሀል አገኘሁት።

‹እናንተ አገር ሹራብ ይለበሳል?›

ቀና አለ። ለመዋሸት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ‹አይለበስም፣ ጋሼ።›

‹ባናስ?›

‹ባና... ባና የሚባል ነገር እዚህ መጥቼ ነው ያየሁት።›

‹ታዲያ ሰው እንዲህ ሲያግዝ ዝም ብለህ ታየናለህ?›

‹ምን ልበል?› አለ። ‹ቄሱ የለበሱትን አውልቀው እየሰጡኝ፣ ‹አባቴ፣ ይሄ አይጠቅመንም› ልበላቸው? ረቡዕ ዕለት ልናገር ነበር፤ እናቶች ሲመርቁኝ አፌ ተያዘ። ሐሙስ ደግሞ...› የሚያጥፈውን ሹራብ አስቀመጠ። ‹ሐሙስ መኪናው እየሞላ መሆኑን አየሁ። በምንም ይሙላ፣ እኔ ብቻ ልድረስ አልኩ፣ ጋሼ። እናቴ ትኑር አትኑር ልወቅ እንጂ ሹራቡ የራሱ ጉዳይ ነው አልኩ።›

ምን ይባላል? እኔ በልቤ ያሰብኩትን ተናገርኩ። ‹ዝም ብንልስ? ሰኞ ትሄዳለህ፤ ማን ያውቃል?›

ራሱን ነቀነቀ። ‹እናቴን ካገኘኋት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ‹ለሰዉ ምን ይዘህ መጣህ?› ብላ ነው። በዚያ ፀሐይ ባና ላወርድ?›

እናቱን በጠራራ ፀሐይ፣ በርኖስ ለብሰው፣ የክር ኮፍያ ደፍተው፣ ማሞቂያውን ይዘው የት ልሰካው ሲሉ አሰብኳቸውና ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም ባናው ላይ ተደፍተን ስንስቅ ዳይሬክተሯ ገቡ።

ሲሰሙ መጀመሪያ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሡ። ‹ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ!› አሉ። ከዚያ ደግመው ተቀመጡ።

‹ምንድን ነው የሚያስፈልጋቸው?› ብለው ልጁን ጠየቁት።

‹ጀሪካን› አለ ወዲያው። ሳምንቱን ሙሉ ምላሱ ላይ ይዞት ነበር የቆየው። ‹ወንዙ ስለደፈረሰ ንጹሕ ውሃ ከሩቅ ነው የሚቀዳው። ጀሪካን፣ ድስት፣ ሳሙና፣ አጎበር፣ ሳይበስል የሚበላ ነገር።›

‹እና ለሰባት መቶ ቤት «ስጦታችሁን ውሰዱ፣ ሌላ አምጡ» ብዬ ልላክ? ስጦታ ይመለሳል? ነገ በየት በኩል ነው ይህን ሰፈር የማልፈው? ካልመለስን ደግሞ መኪናው አይሞላም፤ ካልሞላ ይሄ ልጅ አይሄድም።›

የመለሱት ሴትዮ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ፣ የልጅ ልጃቸውን ለመውሰድ የመጡ እናት ናቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። ክምሩን ትኩር ብለው አዩና፣

‹እንዲያው እናንተ ሰዎች› አሉ፣ ‹ይሄ ሁሉ ሹራብ እዚህ ተቆልፎበት፣ እኛ እላይ ተራራው ላይ እንንዘፍዘፍ? እኔ ቤት አሥራ አንድ ጀሪካን አለኝ። ሦስት ላምጣና ያችን ባና ስጡኝ።›

ዳይሬክተሯና እኔ ተያየን።

ጀሪካን! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። አልጋ ሥር ጀሪካን፣ ቁም ሣጥን ላይ ጀሪካን፣ ሙሽራ ሲገባ ከሶፋው በፊት ጀሪካን ነው። የኔ ጎረቤት ሲተኛ እግሩን የሚያሳርፈው ጀሪካን ላይ ነው። ሌላ ቢቀር በዚህ አንታማም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ገበያ ሆነ። ማይኩን መልሰው ሰጡኝ፤ በዚህ ጊዜ ዳይሬክተሯ ክንዴን እንደያዙ ነው። ስህተቱን በአደባባይ ተናገርኩ፤ ካርታውን የቀባሁት እኔ፣ ጥርሴን ያንቀጫቀጭኩትም እኔ መሆኔን። ከኋላ አንዱ ጎልማሳ፣ ‹ቲቸር፣ እኔንም ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት! እስካሁን መንገድ የሚጠፋኝ ለካ ለዚህ ነው!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ግቢውን ጸጥ የሚያሰኝ ኃይል አልነበረም።

‹አንድ ሹራብ በአንድ ጀሪካን! ባና በሁለት ጀሪካንና በአንድ ድስት! ላባ ጃኬት፣ ኑ ላባ ጃኬት!›

‹ድስቱ ክዳን የለውም፤ ይሁንልኝ?›

‹ክዳን ከሌለው ሹራቡም ቁልፍ የሌለው ይሆናል፣ እናቴ።›

‹ኧረ ይሄ ሰውዬ መርካቶ ማደር ነበረበት!›

ለሩጫ ወደ እንጦጦ ሊወጡ የመጡ ወጣቶች ነገሩ ምንድን ነው ብለው ቆሙ፤ ወደየቤታቸው ሮጠው ተመልሰው በሳሙናና በበሶ ጓንት ለወጡ። ‹የዛሬው ትሬኒንግ ይሄ ነው!› እያሉ ዳገቱን በጀሪካን ወጡት። አንዲት እናት ረቡዕ ዕለት ራሳቸው የሰጡትን ሹራብ በጀሪካን መልሰው ወሰዱ። ‹እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ አልነበረም?› ስላቸው፣ ‹ነበር፤ ሲታጠፍ ነው ማማሩን ያየሁት› አሉኝ። ቄሱም መጡ። አራት ጀሪካን በአህያ አስጭነው በቀስታ ወደ በርኖሳቸው ቀረቡ።

‹አባ፣ መጀመሪያውኑ ባይሰጡስ ኖሮ?› አልኳቸው።

‹ዝም በል› አሉኝ በሹክሹክታ። ‹ከረቡዕ ጀምሮ ሲያስነጥሰኝ ነው የከረምኩት።› በርኖሱን ሲያጠልቁ ግቢው አጨበጨበ።

ማሞቂያውን ብቻ ማንም አልፈለገውም፤ ዳይሬክተሯ በሁለት አጎበር ለቢሯቸው ወሰዱት።

እሑድ ከሰዓት ጭነን ጨረስን። ቢጫ ጀሪካን በቢጫ ጀሪካን ላይ፣ በየመሀሉ ድስት፣ ሳሙና፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፤ ሸራው ሊዘጋ አልቻለም። ባለመኪናው ዞር ዞር ብሎ አየና መኪናውን በትከሻው ገፋ አደረገው። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ጭኛለሁ፤ ይሄን ያህል አየር ግን ተሸክሜ አላውቅም› አለ።

‹ሙሉ ነው የተባለው› አልኩት። ‹ከባድ ነው አልተባለም።›

አሰበበት። ‹ሙሉ ነው› አለ፤ የጋቢናውንም በር ለልጁ ከፍቶ ወንበሩን አሳየው።

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ሰባት መቶ ተማሪ መንገዱ ዳር ተሰለፈ። ልጁ ጋቢና ውስጥ ሆኖ፣ ካፖርቱን አውልቆ በመስኮት አቀበለኝ። አንድ የአራተኛ ክፍሎችን የክር ኮፍያ ግን ለእናቱ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ‹ቆላ ምን ያደርግልሃል?› ስለው፣ ‹ይሳቁበት› አለኝ። ይሳቁበት አለ እንጂ ከንፈሩ ላይ ሳቅ አልነበረም።

እሱ እስኪመለስ ኬሚስትሪውን እኔ ያዝኩለት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ብልቃጥ ሰብሬ፣ የአንዱን ተማሪ ቅንድብ ለጥቂት አትርፌያለሁ። በየእረፍቱ የሒሳብ መምህሩ ወደ ልጁ ስልክ ይደውላል፤ ያቺ ሴት ታነሣለች። ማክሰኞ፣ እሷ ናት። ረቡዕ፣ እሷ ናት። መምህራን ክፍል ውስጥ ቀልድ የለም፤ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ሐሙስ በአራት ሰዓቱ እረፍት ስልኩ ራሱ ጮኸ። የሒሳብ መምህሩ ለማንሣት ሲጣደፍ ሻዩን ስለደፋ ማጉያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

‹ጋሼ!› አለ ልጁ። ከበስተጀርባው ፍየል ይጮሃል። ‹ጋሼ፣ አለች! ኮረብታው ላይ ነበረች! ፍየሎቹን ሁሉ ይዛ!›

ማን ማንን እንዳቀፈ አላስታውስም። ዳይሬክተሯን ያቀፍኩ ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን እስካሁን ይክዳሉ። ሻይ የምታቀርበው ሴት እልል አለች፤ ከክፍል ክፍል ልጆች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሉ። ከዚያ እናቱ ስልኩን ተቀበሉ። በቋንቋቸው ይናገራሉ፣ እሱ እየሳቀ ይተረጉማል።

‹«የሰጠመው ስልኩ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ትላለች። «ጩኸት የሚወደው መምህር የትኛው ነው?» ትላለች።›

‹እኔ ነኝ እናቴ!› ብዬ ጮህኩ፤ ሁሉም ሳቀ።

‹«ኮፍያውን ለግልገሏ አደረግሁላት፤ ጆሮዋን አውጥታ ትዞራለች» ትላለች። «ሰዉ ሁሉ ጀሪካን ደርሶታል። ውሃ አለን። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ» ትላለች።› ከዚያ ትንሽ ተነጋገሩና ልጁ አመነታ። ‹አይ፣ ተይው እላታለሁ፣ እምቢ አለች። «አንዷ ጀሪካን ግን ታፈሳለች» ትላለች። «የደረሰችው ለእኔ ነው። ከምንጩ ሞልቻት ቤት ስደርስ ግማሽ ናት። ከሥሯ የቀለጠ ፌስታል ተለጥፎባታል» ትላለች። ኧረ ምንም አይደለም፤ እየሳቀች ነው።›

መምህራን ክፍሉ ተናደደ። ‹ለተቸገረ ሰው የሚያፈስ ጀሪካን?› አለ የሒሳብ መምህሩ። ‹እንዲህ ያለም ሰው አለ?› አሉ ዳይሬክተሯ። ከሁሉም በላይ የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛ መትቼ፣ ሕሊና ስለሚባለው ነገር ለአምስት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ጀሪካኑ የእኔ ነው። ከሥሩ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል፤ ፌስታሉን አቅልጬ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፤ ማፍሰሱን እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። ቅዳሜ ዕለት ከክምሩ በእሱ የለወጥኩት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ይህን ስጽፍም ለብሼዋለሁ።